ሰንበት ሲወጣ

አሽዶድ እስራኤል ውስጥ አሸዋ ላይ የተሠራች ከተማ ናት። በ1956 መጨረሻ ከሞሮኮ የመጡ 22 ቤተሰቦች ሲሰፍሩባት ተጀመረች (ዓመቶቹንና ቀኖቹን በሙሉ እዚህ በለመድነው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ1965 ወደቡ ሥራ ጀመረ። በ1970ዎቹ ጆርጂያውያን፣ በ1990ዎቹ ደግሞ ሩሲያኛ ተናጋሪዎች በብዛት ገቡ። ሰፈሮቿ በዕብራይስጥ ፊደል ተራ አሌፍ፣ ቤት፣ ጊሜል፣ ዳሌት እየተባሉ ይጠራሉ። እኛ ከጎንደር የመጣነው ቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ስንገባ ያገኘናት ከተማ ሁሉም ከሌላ አገር የመጣባት፣ አሮጊቶቹ በረንዳ ላይ ቆመው በማናውቀው ቋንቋ የልጅ ልጆቻቸውን የሚጣሩባት ከተማ ነበረች። በሰሜን በኩል የኤሽኮል ኤሌክትሪክ ማመንጫ ጭስ ማውጫዎች ከሩቅ ይታያሉ። የባሕሩ ነፋስ አሸዋውን እያመጣ መስኮት ሥር ያከማቸዋል፤ እናቴም ጠዋት ማታ ትጠርገዋለች።

በዚህች ከተማ እየኖርኩ ከ1999 እስከ 2002 ቤር ሼቫ በሚገኘው ቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂ ተምሬያለሁ። ያን ዘመን ዛሬ የማነሣው በእናቴና በጓደኞቿ ሳሎን ውስጥ ይሠራ ስለነበረ ነገር ለመጻፍ ነው። እንማርባቸው የነበሩት መጻሕፍት በትክክል ያልገመቱት ነገር ነው። ዛሬ በዚያ መልኩ የለም።

ቤተሰቤ በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከገቡት ነው፤ በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ከወጣበት። ከዚያ በፊት እንደ ሌላው ሁሉ ከጎንደር ተነሥተን፣ በእስራኤል ኤምባሲ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን ወራት ጠብቀናል። ይህቺን የአዲስ አበባ ቆይታ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ ታስፈልገናለች። እስራኤል ስንደርስ መጀመሪያ ሆቴል፣ ቀጥሎ ካራቫን ገባን። በ1993 ያይር ጻባን የክሊታ፣ ማለትም መጤዎችን ተቀብሎ የማስፈር፣ ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ ለኢትዮጵያ ዖሊም (አዲስ ገቢዎች) ልዩ የቤት ብድር ወጣ። ከብድሩ አብዛኛው ስጦታ ስለነበረ ሰው ከካራቫን እየወጣ ቤት መግዛት ቻለ። አባቴ አሽዶድን የመረጠው የአጎቱ ልጅ ቀድሞ ስለገባባት ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። እኔ ግን እንደ አብዛኛው የዚያ ዘመን ልጅ ፕኒሚያ፣ ማለትም አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ነበርኩና ቤቱን የማውቀው በበዓልና በዕረፍት ነው። ቤት ተመልሼ በደንብ የኖርኩት ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነበር። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ሌላው ልጅ እንደ ዘወትር የሚያልፈውን ነገር እኔ ቆሜ ያየሁት።

ሶሲዮሎጂ እንድማር ያደረገኝ ጥር 1996 ነው። ኢትዮጵያውያን የሚለግሱት ደም ሳይነገራቸው ለዓመታት ሲደፋ እንደኖረ በጋዜጣ የወጣው ያን ጊዜ ነው። ጥር 28 ቀን በሺህ የሚቆጠር ሰው ኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰለፈ። በቀድሞው ፕሬዝዳንት ይጽሐቅ ናቮን የሚመራ መርማሪ ኮሚቴም ተቋቋመ። እኔ ወታደር ነበርኩ፤ ሰልፍ መውጣት አልችልም። በጦር ሰፈሩ ካፌ ቴሌቪዥን ፊት ቆሜ የአባቴን እኩዮች ነጭ ጋቢ ለብሰው ሲያለቅሱ ሳይ፣ ይህ ነገር እንዴት ሊሆን ቻለ ብሎ የሚጠይቅ ትምህርት አለ ወይ አልኩ። አለ የሚል ሰው ያገኘሁት ሠራዊቱን ጨርሼ መኺና፣ የዩኒቨርሲቲ መሰናዶ፣ ስገባ ነው። አባቴ ሕግ ወይም ነርስነት እንድማር ነበር የሚፈልገው። ምን እንደምማር ስነግረው ዝም ብሎ አዳመጠኝና «ሰው የሚመረምር ትምህርት ከሆነ በሰው ነውር አትግቢ» አለኝ። ከዚያ በኋላ በምርምር ሥነ ምግባር ላይ ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ። ከእሱ ቃል የተሻለ ግን አልሰማሁም።

ከአሽዶድ ቤር ሼቫ በአውቶቡስ ቂርያት ማልአኪንና ቂርያት ጋትን አልፎ ነው የሚኬደው። እሑድ ጠዋት አውቶቡሱ ወደ ጦር ሰፈራቸው በሚመለሱ ወታደሮች ይሞላል፤ መሣሪያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ይተኛሉ። እኔ ከኋላ ወንበር ፎቶ ኮፒዎቼን አነባለሁ። በዚያ ዘመን ሁሉም ንባብ በወረቀት ነው፤ ለፎቶ ኮፒ ካርድ እየገዛን ከአራን ቤተ መጻሕፍት ገጽ በገጽ እናወጣለን። ሶሲዮሎጂ ራሱን ችሎ አልቆመም ነበር፤ ከሥነ ልቦናና ከአንትሮፖሎጂ ጋር በአንድ የባሕርይ ሳይንሶች ክፍል ውስጥ ነበረ። ይህ ለእኔ ጠቀመኝ። ዱርኬምና ዌበርን በተማርኩበት ሳምንት የመንደር ጥናትም አነባለሁ፤ በቁጥርና በሰው ፊት መካከል መምረጥ አላስፈለገኝም።

ስለ ክሊታ የምንማረው የሚጀምረው ከሽሙኤል ኖኅ አይዘንሽታት ነው። እሳቸው በ1954 በታተመው መጽሐፋቸው ስደተኛ ወደ አዲስ ኅብረተሰብ የሚገባበትን ሂደት ተንትነዋል። ባጭሩ መጤው የቀድሞ ሚናውን እየለቀቀ የአዲሱን አገር ሚና ሲማርና ሲለብስ ተዋጠ ይባላል። ቀጥሎ እሳቸውን የተቹት ይመጣሉ። ባግዳድ የተወለዱት ሳሚ ስሙሃ በ1978 ባወጡት መጽሐፍ ነገሩ የመልመድና ያለመልመድ ጉዳይ ሳይሆን የሥልጣንና የሀብት ክፍፍል ጉዳይ ነው አሉ። ሽሎሞ ስቪርስኪ ደግሞ ከሙስሊም አገሮች የመጡት አይሁዶች ኋላ የቀሩት ኋላ ቀር ሆነው ስለመጡ አይደለም፣ የአገሪቱ ኢኮኖሚ ራሱ ኋላ አስቀራቸው ብለው ጻፉ። ክፍል ውስጥ ክርክሩ ይጦፋል። አንዲት የአሽዶድ ልጅ፣ አባቷ የወደብ ሠራተኛ የሆነ የሞሮኮ ልጅ፣ ስቪርስኪን ስታነብ ትነድ ነበር። በአውቶቡስ አብረን ስለምንመላለስ ክርክሩን እስከ አሽዶድ ድረስ ይዘነው እንመጣለን።

ስለ እኛ የተጻፈው ግን ሌላ መደርደሪያ ላይ ነበር። አሌክስ ዊንግሮድ፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት አንትሮፖሎጂስት፣ ከሚካኤል አሽኬናዚ ጋር በ1987 ያሰናዱት ስለ ኢትዮጵያ አይሁዶችና ስለ እስራኤል የሚናገር ቅጽ ነበረ። በ1999፣ እኔ ትምህርት በጀመርኩበት ዓመት፣ የኤስተር ሄርዞግ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ወጣ። ሄርዞግ በአንድ የክሊታ ማእከል ውስጥ ያዩትን ይዘው፣ ማእከሉና ቢሮክራሲው ራሱ ሰውን ጥገኛ እንደሚያደርገው ያሳያሉ። አንዳንዱን ገጽ ሳነብ ማልቀስ ያምረኝ ነበር። በካራቫኑ ዘመን የአባቴን ትከሻ ያጎበጠው ምን እንደሆነ እዚያ ተጽፎ አገኘሁት። ፍሪጅ እንዴት እንደሚከፈት፣ ልጅ እንዴት እንደሚታጠብ ሊያስተምር የሚመጣው ሰው ክፉ ሰው አልነበረም። ነገር ግን አንድ ጎልማሳ፣ በአገሩ ሽማግሌ ተብሎ ሰው የሚያስታርቅ ገበሬ፣ በየሳምንቱ ስለ ማንኪያና ስለ ሳሙና ሲነገረው ምን እንደሚሆን ሄርዞግ በደንብ አይተውታል።

ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነበር። በእነዚህ መጻሕፍት ሁሉ፣ በሚያዝኑልንም በሚተቹልንም፣ እኛ የሚደረግብን እንጂ የምናደርግ አልነበርንም። መንግሥት ያደርጋል፣ ቢሮው ያደርጋል፣ ማኅበረሰቡ ይቀበላል ወይም አይቀበልም። እኛ የሠራነው ነገር የለም። እኔ ግን ቤት ስመለስ የማየው ሌላ ነው። ሴሚናሪዮን የሚባለውን ረጅም የጥናት ጽሑፍ ለማዘጋጀት ርእስ ምረጡ ስንባል ብዙም አላሰብኩ፤ ዕቁብ አልኩ።

መምህሬ ደስ አላቸውና አንድ ጽሑፍ ሰጡኝ፤ የክሊፎርድ ጊርትዝ የ1962 ጽሑፍ ነው። ጊርትዝ ጃቫ ውስጥ አሪሳን የሚባለውን የእነሱን ዕቁብ አይተው፣ ሌላውንም ዓለም ጨምረው ያነጻጽራሉ። እንደ እሳቸው ዕቁብ ከገበሬ ኑሮ ወደ ንግድ ኑሮ መሸጋገሪያ ነው። ሰው ገንዘብን መቁጠር፣ መቆጠብ፣ ማበደር ይማርበታል፤ ባንክ ሲመጣና ሰው ባንክ ሲለምድ ይቀራል። ሸርሊ አርድነር በ1964 ባወጡት ጽሑፍ ይህን ሐሳብ አልተቀበሉትም። ሁለቱንም አነበብኩና የቅዳሜን ማታ መጠበቅ ጀመርኩ።

ዕቁቡ ሰንበት ሲወጣ ነው የሚጣለው። ሰንበት ሳይወጣ ገንዘብ አይነካም፤ እሑድ ደግሞ እዚህ የሥራ ቀን ነው፣ ሁሉም ከንጋቱ በፊት ወደ ጽዳት ሥራው ወይም ወደ ማሸጊያ ፋብሪካው ይሄዳል። ስለዚህ ጨለማው ሲወርድ እናቴ ቡናውን መቁላት ትጀምራለች፤ ጭሱ በደረጃው ሲወርድ የሩሲያዋ ጎረቤታችን በሯን ትከፍታለች እንጂ አትቆጣም። ሴቶቹ ከጊሜልም ከዳሌትም በእግራቸው ይመጣሉ። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ሶፋው ለትልልቆቹ ነው፤ ሌሎቹ ምንጣፍና ትንንሽ የፕላስቲክ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። ሃያ ሴቶች በወር 500 ሼቄል ይጥሉ ነበር። ዝቅተኛው ደመወዝ በወር 3,000 ሼቄል ገደማ በነበረበት ዘመን፣ ለብቻዋ ልጆች ለምታሳድግ ሴት ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

የዕቁቡ ዳኛ ከሁሉም ታላቅ የሆኑ ሴት ነበሩ፤ ሁላችንም አንቱ ነበር የምንላቸው። ማንበብና መጻፍ አይችሉም። ጸሐፊዋ እናቴ ስትሆን እሷም በኡልፓን፣ በአዲስ ገቢዎች የቋንቋ ትምህርት ቤት፣ የዕብራይስጥ ፊደል ለይታለች እንጂ አማርኛ አትጽፍም፤ ስለዚህ ደብተሩ ላይ የሚጻፈው እንግዳ ነገር ነበር። የአማርኛ ስም በዕብራይስጥ ፊደል፣ ከጎኑ የተጣለበት ምልክት፣ ከምልክቱ ጎን ደግሞ እናቴ ብቻ የምታውቃቸው ትንንሽ ነጥቦች። ነጥቦቹ ምን እንደሆኑ ስጠይቃት መጀመሪያ አልነገረችኝም። በኋላ ገባኝ፤ ነጥብ ያለባት ሴት በዚያ ወር ያልሞላላት፣ ሌላዋ በስሟ የጣለችላት ናት። ይህ ጮክ ተብሎ አይነገርም። ዳኛዋ ገንዘቡን ሲቆጥሩ «ሙሉ ነው» ይላሉ፤ እናቴ ነጥቧን ታኖራለች፤ ቡናው ይቀጥላል።

ዕጣው ሲወጣ ስሞቹ በተጠቀለለ ወረቀት ስኒ ውስጥ ይገባሉና ከልጆቹ ትንሹ ያወጣል። አንድ ቀን ዕጣው የወጣላት ወጣት ሴት የልጇን ባር ሚጽቫ፣ ለአካለ መጠን የመድረስ በዓሉን፣ ልትደግስ አዳራሽ ተዋውላ ነበር፤ ወጣልኝ ብላ ዕልል አለች። ሁላችን ዕልል አልን። ከዚያ ቤቱ ትንሽ ጭጭ አለ። ጥግ ላይ የተቀመጠች ሌላ ሴት ነበረች፤ ወንድሟ ጎንደር ታሞ ወደ እስራኤል የሚመጣበትን ወረፋ እየጠበቀ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ማንም ስሟን አላነሣም፤ እሷም ቀና አላለችም። ዳኛዋ ስኒያቸውን አስቀመጡና «የባር ሚጽቫው ቀን መቼ ነው?» ብለው ጠየቁ። ልጅቷ ቀኑን ተናገረች። «እስከዚያ ሁለት ዕጣ ይወጣል» አሉ ዳኛዋ። ልጅቷ ገንዘቡን አንሥታ ጥግ ላይ ላለችው ሴት በሁለት እጇ ሰጠቻት፤ በሚቀጥለው ወር ወይም ከዚያ በኋላ ባለው የእሷ እንዲሆን ተነጋገሩ። ሁሉም ነገር ቡናው አቦል ሳያልቅ ተጠናቀቀ። የማርሴል ሞስን የስጦታ ጥናት ደጋግሜ አንብቤ ነበር፤ በመስጠትና በመቀበል ውስጥ ያለው ግዴታ ምን እንደሚመስል ግን በዚያች ማታ ነው ያየሁት። በተለይ የተቀባይዋ ክብር እንዴት እንደሚጠበቅ። እባካችሁ ሳትል ተሰጣት።

ከዚያ ሴቶቹን አንድ በአንድ በካሴት መቅዳት ጀመርኩ። ቴፕ ሪከርደሩን ሲያዩ ደነገጡ ማለት አልችልም፤ ካሴት በዚያ ዘመን የቤተሰብ ዕቃ ነው። ጎንደርና አዲስ አበባ ከቀሩት ዘመዶች ጋር የሚጻጻፉት በካሴት ነበር። መጻፍ ለማይችል ሰው ድምፁ ደብዳቤ ነው፤ ሰላምታው፣ ለቅሶው፣ የሞተው የተወለደው ዝርዝር ሁሉ ይቀዳና መንገደኛ ይዞት ይሄዳል። አንዷ ሴት እኔ ባዶ ካሴት ያለቀብኝ መስሏት ከመሳቢያዋ አንድ አውጥታ «በዚህ ላይ ቅጂ» አለችኝ። አዳመጥኩት፤ የወንድሟ ድምፅ ነበር፤ ወደ እስራኤል ለመግባት ወደ ሱዳን በተጓዙት መካከል መንገድ ላይ ከቀሩት አንዱ፣ ከመነሣቱ በፊት የላከው። በሱዳኑ መንገድና በስደተኛ ጣቢያዎቹ 4,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይነገራል። ካሴቱን መለስኩላትና አዲስ ገዛሁ። «እኔ እኮ ስሰማው አልቻልኩም፤ ለዚህ ነው» አለች።

ለሁሉም የጠየቅኋቸው የመጀመሪያ ጥያቄ ዕቁብ መጀመሪያ የጣሉት የት እንደሆነ ነበር። በክፍሉ ሁሉ የነበረው ግምት ከጎንደር ገጠር ይዘውት የመጡት ጥንታዊ ልማድ ነው የሚል ነው። ሴቶቹ ግን ይህን አላሉም። በመንደር ደቦ አለ፣ ወንፈል አለ፣ ማኅበርና ለቅሶ አለ፤ ገንዘብ ግን የት ተገኝቶ? ዳኛዋ ሳቁብኝ። «ልጄ፣ እኛ ብር የምናየው ማረሻና ገንቦ ስንሸጥ ነበር» አሉኝ። ዕቁብን ያወቁት ኤምባሲው አካባቢ ሲጠብቁ ነው። ከአዲስ አበባ ሴቶች አይተው፣ ከሚሰጣቸው ድጎማ እየቀነሱ፣ በትንሽ ሳንቲም ጀመሩት። ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ በ1958 ስለ ኢትዮጵያውያን መረዳጃ ባወጡት ጽሑፍ ዕቁብን ከከተማ ኑሮ ጋር ያያይዙታል፤ የሴቶቹ ቃል ከዚያ ጋር ገጠመ። አንዳንዶቹማ ካራቫን እስኪገቡ ድረስ አልጣሉም ነበር።

ይህ ነገር ለእኔ ትልቅ ነበር፤ ዛሬም ነው። አሽዶድ ሳሎን ውስጥ ቡና ከብበው የተቀመጡትን ሴቶች ሲያይ ማንም ሰው አሮጌ ልማድ የሙጥኝ ያሉ መስሎት ያልፋል። እውነቱ ሌላ ነው፤ ያዩትን አዲስ ነገር ወስደው፣ ባላወቁት አገር፣ ለማያውቁት ኑሮ እንዲሆን አድርገው በጥቂት ዓመታት የሠሩት ተቋም ነበር። የአይዘንሽታት መጤ የድሮውን ጥሎ አዲሱን ይለብሳል፤ እናቴ ግን የድሮዋም ያልሆነ፣ አዲሱ አገርም ያልሰጣትን ነገር ሰፍታ ለበሰች። ዶናልድ ሌቪን በ1965 በታተመው መጽሐፋቸው ስለ አማራ ባህል ሲጽፉ ግለኝነቱን ያጎላሉ፤ ሰው ከቤተሰቡና ከአለቃው ውጪ ተባብሮ ለመሥራት እንደሚቸገር ያነሣሉ። መጽሐፉ ብዙ የገለጠልኝ ትልቅ መጽሐፍ ነው። ያን ምዕራፍ ግን ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ካነበብኩ በኋላ አልተቀበልኩትም። ሌቪን ስላጠኗቸው የመንዝ ወንዶች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሴቶቹ ቡና ላይ የሚሠሩትን ያየ ሰው ግን ያን ዓረፍተ ነገር እንዲያ አይጽፈውም።

የጊርትዝ ነገርም አሽዶድ ላይ አልሠራም። ሃያዎቹም ሴቶች የባንክ ሒሳብ አላቸው፤ ደመወዛቸው የሚገባው በባንክ ነው። ሐሙስ ወይም ዓርብ ጠዋት ባንክ ሄደው አውጥተው ቅዳሜ ማታ ዕቁብ ይጥላሉ። ባንክ ለምደው ዕቁብን አልተዉም፤ ሁለቱን ለየራሳቸው ሥራ አደረጓቸው። ዳኛዋን ለምን ባንክ አታስቀምጡትም ብላቸው «ባንኩ ልጄን ስድር ይመጣል?» ብለው ጠየቁኝ። በዚያን ጊዜ ሮበርት ፐትናም ስለ ኢጣሊያ በ1993 የጻፉትን እናነብ ነበር፤ እሳቸው እንዲህ ያሉ ማኅበሮችን ያነሡት ሰው እርስ በርስ መተማመንን የሚያከማችባቸው ስለሆኑ ነው። ይህ ለአሽዶድ የበለጠ ይቀርባል። ሆኖም ሁሉን ነገር መተማመን በሚል ስም መሸፈን አልወድም። ዋስ ነበረ፤ ደንብ ነበረ፤ ያልከፈለች ሴት በሚቀጥለው ዙር አትገባም። ፍቅሩ በደንብ የታጠረ ነበር።

የአሽዶዷ የሞሮኮ ልጅ ረቂቄን በአውቶቡስ ስታነብ ቂርያት ጋት ሳንደርስ ጮኸች። አያቷ ካዛብላንካ ሳሉ ዳረት የሚባል ነገር ነበራቸው፤ ይኸው ራሱ ነው። አሽዶድ ከመጡ በኋላ ግን ተዉት። ለምን እንደተዉት አያቷን ጠየቀቻቸው፤ መጀመሪያ ዓመታት ሰው ተበታትኖ ስለነበረ፣ ጎረቤታቸው የሌላ አገር ሰው ስለነበረ ማንን ማመን እንዳለባቸው እንዳላወቁ ነገሯት። ያቺ ልጅ ከዚያ በኋላ የራሷን ሴሚናሪዮን በዚያ ላይ ሠራች። ያን ጊዜ የገባኝ ነገር እኛ አሽዶድ ስንገባ የአጎት ልጅ ተከትለን መግባታችን፣ አንዳንድ ባለሥልጣን ተከማቹ እያለ የሚያማርርበት ነገር፣ ዕቁቡ የቆመበት መሬት መሆኑ ነው።

ስም የመደበቅ ነገር ትልቁ ጭቅጭቅ ነበር። የጥናቱ ደንብ የሰዎቹ ስም እንዲቀየር ይላል። ግማሾቹ ሴቶች ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ ከድጎማ የሚኖሩት አሥር ሺህ ሼቄል በአንድ ጊዜ በእጃቸው እንደሚገባ ቢሮ ቢሰማ ይቆረጥብናል ብለው ይፈሩ ነበርና። ሌሎቹ ግን ተቆጡ። «ስማችንን የምትደብቂው ሰርቀን ነው?» አለችኝ አንዷ። «ልጆቻችን አንድ ቀን ሲያነቡ የማንን ሥራ ያነባሉ?» መልስ አልነበረኝም። ሁሉንም ቀየርኩ፤ ደንቡ ነውና። ቁጣዋ ግን ትክክል እንደነበረ ያኔም አውቅ ነበር። ፈሪዎቹን የሚጠብቅ ደንብ፣ መመዝገብ የሚፈልጉትን ከታሪክ ያወጣቸዋል። እንደ እኔ እምነት ምርጫው የተናጋሪዋ መሆን አለበት፤ እያንዳንዷ ለብቻዋ ተጠይቃ።

ያ ዕቁብ አሁን የለም። ዳኛዋ አርፈዋል። ከሴቶቹ ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ተከትለው ሌላ ከተማ ገብተዋል። አዲሶቹ ዕቁቦች አሉ፤ ልጆቻቸው ይጥላሉ፤ ገንዘቡ በስልክ ይተላለፋል፤ ዕጣውም አንዳንዴ በስልክ ይወጣል። እነሱን አልነቅፍም፤ ሥራ ይሠራሉ፤ የቤት ቅድመ ክፍያ የሚሞላባቸው አሉ። ነገር ግን ነጥቧን የምታኖር ጸሐፊ የለም። ስልኩ ማን እንደከፈለና ማን እንዳልከፈለ ለሁሉም እኩል ያሳያል፤ ጥግ የተቀመጠችዋን ሴት መሸፈን አይችልም።

በ2009 ሦስት የኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ሐጋር ሰላሞን፣ ስቲቨን ካፕላንና ሃርቪ ጎልድበርግ፣ በእስራኤል ስላሉ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ዕቁብ ጥናት አወጡ። ሳነበው ደስ አለኝ፤ ነገሩ ቢያንስ በሳይንሱ መዝገብ ገባ። በዓላችን ስግድም በ2008 በሕግ የአገር በዓል ሆኗል። ዛሬ ከ160,000 በላይ ነን፤ አብዛኛው ወጣት እዚሁ የተወለደ ነው፤ በየዩኒቨርሲቲው ስለ ራሳችን የሚጽፉ ልጆች አሉ። ይህ እኔ አውቶቡስ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ የተመኘሁት ነው። የጎደላቸው እኛ በእጃችን የያዝነው ነው። የዚያ ዘመን ሴቶች በጎንደር አማርኛ፣ ሳይቸኩሉ፣ በራሳቸው ቃል የተናገሩት ድምፅ በየመሳቢያው ነው ያለው። የካሴት ፊልም ይደርቃል፤ ይበጠሳል፤ የሚያጫውተው ዕቃም ከገበያ እየጠፋ ነው።

ስለዚህ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ፣ እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ፣ በቤር ሼቫም ሆነ በኢየሩሳሌም፣ በሃይፋም ሆነ በቴል አቪቭ፣ በባር ኢላንም የተማራችሁ ጓደኞቼ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ሴሚናሪዮናችሁን አውጡት። ካሴቶቹን ሳይበጠሱ ወደ ዲጂታል አስገልብጡ። የእናቶቻችሁን የዕቁብ ደብተር አትጣሉ፤ ነጥቦቹ ምን እንደሆኑ ጠይቃችሁ ከጎኑ ጻፉ። ኢየሩሳሌም የሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የድምፅ መዝገብ አለው፤ ቅጂ እዚያ አስገቡ። ከማስገባታችሁ በፊት ግን በሕይወት ላሉት ሴቶች ደውሉና ስማቸው እንዲጻፍ ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቋቸው። የሚፈልጉትን ስም እስከ አባትና እስከ አያት አሟልታችሁ ጻፉ።